ከሰይጣን ቤት እስከ አዲ አርቃይ መስክ

በ1910ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ገንዘብ ከፍሎ ፊልም የሚያይበት አዳራሽ ሲከፈት፣ ከተሜው ስም ለማውጣት ጊዜ አልፈጀበትም፤ «የሰይጣን ቤት» አለው። አይፈረድበትም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሥጋና ደም የሌለው ሰው ግድግዳ ላይ ሲስቅና ሲሮጥ ማየት ለዚያ ዘመን ሰው ቀላል ነገር አልነበረም። ቤቱ የነበረው ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ በምንለው አካባቢ ነው፤ በኋላ ሜጋ አምፊቲያትር ተብሏል። ስሙን ስንሰማ እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደግን ልጆች ፈገግ እንላለን። ጊታር ሲገባ፣ ኪቦርድ ሲገባ፣ ኋላም መዝሙር ከምስል ጋር ሲመጣ ከዚህ የማይርቅ ቃል ከአንዳንድ ታላላቆቻችን አፍ ሰምተናልና።

ዛሬ «ክሊፕ እንሥራ» ማለት «ሻይ እንጠጣ» ከማለት ብዙም አይርቅም። ትምህርት ሲዘጋ ሦስት አራት ጓደኛሞች አንድ ስልክና አንድ ስፒከር ይዘው ከከተማ ወጣ ይላሉ፤ አንዱ ይዘምራል፣ አንዱ ይቀርጻል፣ አንዱ ፀሐዩን በነጭ ካርቶን ይመልሳል፤ በሳምንቱ ሥራው ቴሌግራም ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ዜማ ከዚያ ጨለማ ቤት ወጥቶ ሜዳ ላይ እስኪቆም የሄደበትን መንገድ ይከተላል። መንገዱ አዲ አርቃይ ያደርሰናል፤ ለምን እዚያ እንደሆነ ስንደርስ ይታያል። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የአውሮፓው ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።

እኛ አገር ድምፅ ምስልን በብዙ ዓመት ቀድሞታል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን ሳሉ ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ሸክላው አገር ገብቶ በግራሞፎን ሲዞር፣ ዘፋኙን በዓይኑ ያላየ ሰው ድምፁን በጆሮው አገኘ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ዜማ ማለት ፊት የሌለው ድምፅ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ በተሰጠበት ጊዜ፣ በ1961 ዓ.ም. አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ቤት አቋቋመ። የዘፋኙ ፎቶግራፍ ከሸክላው ሽፋን ላይ ደመቅ ብሎ መታየት የጀመረው ያኔ አካባቢ ነው። አንድ ፎቶግራፍ ብቻ! እሷን እያዩ ሙሉ ዘፈን ይሰማ ነበር።

የወንጌላውያኑ ታሪክ ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነው። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ መዝሙርን በአየር ላይ አወጣ፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወሰደውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ሆነ። ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ። ያኔ መዝሙር የተረፈው በካሴት ነው። አንዱ ከጓደኛው ተውሶ ይቀዳል፣ ከእሱ ሌላው ይቀዳል፤ በአራተኛው ቅጂ ላይ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል፤ ቢሆንም ይሰማል። ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ ሳለ መዝሙሮቹ ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። በመንገድ ቢያልፍ የማያውቁት፣ ድምፁን ግን ከሺህ የሚለዩ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ወላጆቻችን ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ «አየነው» አይሉም፤ «ሰማነው» ይላሉ። የመዝሙር ቪዲዮ ሲመጣ ብዙዎቹን ቅር ያላቸው የሰይጣን ነገር መስሏቸው ብቻ አይመስለኝም። ለዓመታት በልባቸው የሣሉትን ፊት ሌላ ፊት መጥቶ ሲወስድባቸው ነው።

ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ሥራ ጀመረ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከዋና ከተማው ብዙም አይርቅም፤ ዘፋኙ ስቱዲዮ ውስጥ ከመጋረጃ ፊት ይቆምና ይዘፍናል። ታዲያ ካሜራው መቼና ለምን ውጭ ወጣ? ብዙ ሰው መልሱ ውበት ይመስለዋል። እኔ ግን መልሱ በአብዛኛው ድህነት ነው እላለሁ። ስቱዲዮ ጠባብ ነው፤ መብራት ውድ ነው፤ መድረክ ማስጌጥ ገንዘብ ይፈልጋል። ፀሐይ ግን በነጻ ትወጣለች፣ ዛፍም ኪራይ አይጠይቅም። የቆዩ የቴሌቪዥናችንን ክሊፖች ያየ ሰው ዘፋኙ በአበባ መካከል ሲመላለስ፣ ዛፍ ተደግፎ ሲቆም፣ ውኃ ዳር ሲቀመጥ ያስታውሳል። አንዳንዴ ዘፈኑ ስለ ሐዘን ነው፣ አበባው ግን ሠርግ ቤት ይመስላል። ቢሆንም ሠርቷል።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቦብ ዲላን ለንደን ውስጥ ከአንድ ሆቴል ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ ቆሞ፣ የግጥሙን ቃላት የተጻፉባቸውን ካርቶኖች አንድ በአንድ እየጣለ ተቀረጸ። ካርቶኖቹን አብረውት የጻፉት ጓደኞቹ ናቸው፤ ከእነሱም ሁለቱ ከኋላው ቆመው ሲያወሩ ይታያሉ። ዲላን አፉን እንኳ አያንቀሳቅስም። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ቢትልስ በየአገሩ ቴሌቪዥን ጣቢያ መዞር ሰልችቷቸው በአንድ የለንደን መናፈሻ ውስጥ ሁለት ዘፈኖቻቸውን አስቀርጸው ፊልሙን ላኩ። ዘፈን ብቻ የሚያሳየው ኤምቲቪ የተከፈተው ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ክሊፕ የተወለደው በትልልቅ ኩባንያ አዳራሽ ብቻ ሳይሆን በጓሮ ጭምር፣ በጓደኛሞች መካከል ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ።

ኃይሌ ገሪማ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉ፣ ተውኔትም እየደረሱ ያሳዩ የነበሩ ሰው ናቸው። ልጁ ከአባቱ ጋር መድረክ ላይ፣ ከእኩዮቹ ጋር ደግሞ ሲኒማ ቤት አደገ። በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ ያስታወሰው ነገር አለ። እሱና ጓደኞቹ ያዩትን ፊልም ጎንደር ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ወጥተው እንደገና ይጫወቱት ነበር። አንዱ ካውቦይ ይሆናል፣ ሌላው ሕንድ ይሆናል። ሁሉም ግን ከካውቦዩ ጋር ነበር። የታርዛን ፊልም ሲያዩም ልባቸው ከነጩ ጀግና ጋር እንጂ ከአፍሪካውያኑ ጋር አልነበረም። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ካሜራ የለም፣ ፊልም የለም፤ ልጆቹ ግን በገዛ ተራራቸው ላይ የሰውን አገር ፊልም «ይቀርጻሉ»። ተራራው ቴክሳስ ሆኗል።

ይኸው ልጅ አድጎ አሜሪካ ሄደ፤ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። በ1966 ዓ.ም. ተማሪ ሳለ፣ በዕረፍቱ ወቅት አገሩ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ረጅም ፊልም በሁለት ሳምንት ያህል ቀረጸ። ካሜራው አሥራ ስድስት ሚሊሜትር፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ ቋንቋው አማርኛ ነው። ተዋንያኑ ሙያተኞች አልነበሩም። ታሪኩ ለባለ መሬት እያረሰ የሚኖር የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ነው። ጊዜውን አስቡት፤ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ የተቃረቡበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ አገር፣ ያ ባለ ርስት፣ ያ ሥርዓት አልነበረም። አንድ ተማሪ በዕረፍት ጊዜው፣ ሜዳ ላይ፣ ጥቂት ሰዎች ይዞ የሠራው ፊልም አንድ ዘመን ሊያልቅ ሲል ያየ ምስክር ሆነ። ፊልሙ ቀርፋፋ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ዛሬ ሦስት ደቂቃ የለመደ ዓይን መጀመሪያ ላይ ይሰለቸዋል። ግን ገበሬው ሲያርስ ካሜራው ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሞፈሩ እስኪዞር፣ በሬው እስኪተነፍስ። ሰውየው የትዕይንቱ ጌጥ አይደለም፤ ፊልሙ ራሱ ስለ እሱ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ሌላ ካሜራ ወደ ሰሜን መጣ። በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. መሐመድ አሚንና ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፉት የረኃብ ዜና ዓለምን አናወጠ። በሚቀጥለው ሐምሌ ላይቭ ኤይድ በተባለው ታላቅ ኮንሰርት ላይ፣ የካናዳ ቴሌቪዥን ከኢትዮጵያ ያመጣው የራብ ምስል አንድ የአሜሪካ ባንድ ስለ ፍቅር በዘፈነው ዜማ ላይ ተደርቦ ታየ። ሕዝቡ አለቀሰ፣ ስልኩም ጮኸ፣ ገንዘብ ተዋጣ። ብዙ ነፍስ ተርፎበታልና አቃልዬ አልናገርም። ነገር ግን በሥራው አሠራር ካየነው ያ ክሊፕ ነው። ሜዳ ላይ የተቀረጸ ምስል፣ ሌላ ቦታ የተቀረጸ ዘፈን፣ ሁለቱ ተገጣጥመው። ከአገራችን ሜዳ ላይ ከተወሰዱ ክሊፖች ሁሉ በብዙ ሰው የታየው ምናልባት እሱ ነው። በምስሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ማንም ስም አልነበረውም። በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ፊቷ የታየው የትግራይ ልጅ ብርሃን ወልዱ ተረፈች፤ ዓለም በሰፊው ስሟን የሰማው በ2005 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በሌላ ኮንሰርት መድረክ ስትቆም ነው። ሃያ ዓመት ፊት ሆና ቆየች፣ ከዚያ ሰው ሆነች።

አዲ አርቃይን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ደባርቅ እንደርሳለን። ከደባርቅ ወዲያ መሬቱ ይቆረጣል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያወጣው የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ብርዱ ወደ ሙቀት፣ ገብሱ ወደ ማሽላ ይለወጣል፤ ዛሪማ ታልፎ አዲ አርቃይ ነው። ከዚያ ወዲያ ማይ ፀብሪ፣ ከዚያ ተከዜ። ስሟ የሁለት ቋንቋ ድንበር ላይ እንደቆመች ይናገራል፤ «ዓዲ» በትግርኛ መንደር፣ «ዓርቃይ» ደግሞ እኛ ሽመል የምንለው ነው። ስሜንን ከላይ የሚያይ ቱሪስት ነው፤ አዲ አርቃይ ግን ከታች ታየዋለች። ዓለቱ እንደ ግንብ፣ እንደ ጣት፣ እንደ ተሰበረ ጥርስ ተደርድሮ ሰማዩን ይዞታል። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት አንዱ ነው፤ ጨነቅን አልፎ በእግሩ ቁልቁል የሚጓዝ እንግዳ ጉዞውን ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው አዲ አርቃይ ነው። ፎቶግራፉን አንሥቶ መኪና ይሳፈራል።

የሚያልፍ እንግዳ ለዚህ መንገድ አዲስ አይደለም። ከቀይ ባሕር ወደ ጎንደር የሚወጣው የነጋዴ መንገድ ተከዜን ተሻግሮ በዚሁ ቁልቁለት ይሄድ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ገባ። ከስድሳ ዓመት በኋላ ሳሙኤል ጎባት በአማርኛ የታተሙ ወንጌሎች ይዞ ከትግራይ ተከዜን ተሻግሮ ጎንደር ደረሰ፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አንዱ ክር ከዚያ ይጀምራል። ሁሉም ያዩትን ጽፈዋል፤ ብሩስም ሥዕል አሳትሟል። ባለ ማሳውና እረኛው ግን በአብዛኛው ስም የለሽ ሆነው አልፈዋል። በእኛው ዘመን፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ጦርነቱ አዲ አርቃይ ደርሶ ሕዝቡ ወደ ደባርቅና ዳባት ሲሰደድ፣ ስሟ እንደገና በዜና ወጣ። የወጣው ምስል ሸራ ሥር የተቀመጠ ሰው ምስል ነበር።

እስቲ ልብ በሉ፤ ይህችን አገር ካሜራ የሚጎበኛት ወይ ለተራራው ነው ወይ ለመከራው። ደህና ቀን የዋለች ዕለት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ሲስቁ፣ ማን ቀረጻት? የሚቀርጻት ያው ተማሪ ነው። ስልኩ ርካሽ ነው፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ግን የእዚያን ማሳ ባለቤት በስሙ ያውቀዋል። ይህን ብሩስም ሆነ የካናዳ ቴሌቪዥን አልነበራቸውም።

ስለዚህ ሥራው እንዲያምር ጥቂት ነገር ልንገራችሁ፤ ታሪክ ጸሐፊ ስለ ስፒከር ምን አገባው አትበሉ። ሜዳ ላይ ዘማሪው አዲስ አይዘምርም፤ ቀድሞ በተቀረጸ ድምፅ ላይ ከንፈሩን ያስከትላል። ስፒከሩን ከካሜራው ጎን ካስቀመጣችሁትና ዘማሪው ሠላሳ አራት ሜትር ርቆ ከቆመ ድምፁ ጆሮው የሚደርሰው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ነው፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነውና የሚሄደው። በሰከንድ 25 ምስል በሚቀርጽ ካሜራ ሁለት ምስል ተኩል ማለት ነው፤ ዓይን ይህን ይይዘዋል፣ ከንፈሩ የሰው ይመስላል። ስፒከሩ ከዘማሪው እግር ሥር፣ ከድንጋይ ጀርባ ይደበቅ። ነፋሱ የስልኩን ማይክራፎን ቢያበላሽ ግድ የለም፤ ያ ድምፅ ለማገጣጠሚያ ብቻ ነው፣ ኋላ ይጣላል። ብርሃኑን በተመለከተ፣ ተራሮቹ ለከተማይቱ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ናቸው። ጠዋት ፀሐይ ከወደ እነሱ ስለምትመጣ ጥቁር ጥላ ሆነው ይታያሉ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ከምዕራብ ይመጣና የዓለቱ ስንጥቅ ሁሉ አንድ በአንድ ይነበባል። ቀትር ላይ፣ ይልቁንም በሚያዝያ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ የሰው ዓይን ጉድጓድ ይሆናልና ምሳችሁን ብሉ።

ከዚያ ደግሞ መሬቱ አለ። «ውጭ» የምንለው ባዶ ቦታ አይደለም። በኅዳር ያ ወርቅ የመሰለ ሜዳ የእገሌ ጤፍ ነው፤ በመካከሉ እየሮጡ መዘመር በፊልም ያምራል፣ በአውድማ ግን ይቆጠራል። የዛፍ ጥላ ብላችሁ የመረጣችሁት የቤተ ክርስቲያን ደን ሊሆን ይችላል፤ መቃብርም አለበት። ፓርኩ ክልል ውስጥ ከገባችሁ ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለ ማሳውን ቀድሞ «ጋሼ፣ እዚህች ጋ ብንቆም ይፈቅዱልናል?» ማለት ደግሞ ምንም አያስከፍልም፤ ብዙ ጊዜ መልሱ «ቁሙ» ብቻ አይሆንም፣ «ቤት ግቡና ቡና ጠጡ» ነው። አንዳንዴ ሰውየው ራሱ ክሊፑ ውስጥ ይገባል፤ በሬውን ጠምዶ ከኋላ ሲያልፍ ከዘማሪው ይበልጥ ያምራል። እንዲህ ከሆነ መጨረሻ ላይ የዘማሪው፣ የቀራጩና የአቀናባሪው ስም ሲወጣ የእሱም ይውጣ፤ ፈቃዱ ከሆነ፣ እሱ በሚጠራበት ስም።

የስም ነገር ካነሣን ብሩስ ላይ አንድ የቀረ ነገር አለ። ብሩስ ብቻውን አልመጣም፤ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ወጣት ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። መንገዱን አብሮት ወጣ፤ ዕፀዋቱንና ወፎቹን በቀለም ሣለ፤ የአየሩን ጠባይ በየዕለቱ መዘገበ። የሚቀርጸው እሱ ነበር ማለት ነው። አገሩን ደግሞ ሳያይ ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ። ብሩስ አምስት ቅጽ መጽሐፉን በ1790 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም የባሉጋኒን ሥራ የራሱ አስመስሎ አቀረበ፤ አንባቢውም ለብዙ ጊዜ እንዲያ አመነ። ሥዕሎቹ ግን አልጠፉም። ዛሬ ብዙዎቹ አሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል፤ በመዝገቡ ላይ የሠዓሊው ስም ተብሎ የሰፈረው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው።